ቆዳው ተከምሮ ሶሉ እንዳያልቅ፦ ለአነስተኛ ጫማ ፋብሪካ የምርት ዕቅድና የክምችት አያያዝ መመሪያ

ጳጉሜን ላይ ጫማ አምራቾችን ስለ ሥራ ብትጠይቋቸው "ገበያው ደርቷል፣ ዕቃ ግን የለንም" ይሏችኋል። መጋዘናቸውን ከፍታችሁ ስትገቡ ካርቶኑ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። 44 ቁጥር ሞልቷል። 39ም አለ። የጠፋው ደንበኛው የሚጠይቀው 41 ብቻ ነው። ጓሮ ደግሞ ሦስት ወር የሚያሠራ ቆዳ ተከምሮ ሶል ይጠበቃል። "የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ አጠረን" የሚለው ሮሮ ግማሹ መልስ እዚያው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ይህ መመሪያ አንድ አነስተኛ ጫማ ፋብሪካን በምሳሌነት ይዞ ይሄዳል። 40 ያህል ሠራተኛ አለው እንበል። ሦስት ዓይነት የወንድ ቆዳ ጫማ ከ39 እስከ 44 ቁጥር ያመርታል። ሳሙና፣ ብስኩት ወይም የቤት ዕቃ የምታመርቱም ብትሆኑ ስሌቱ ያው ነው፤ የጥሬ ዕቃው ስም ብቻ ነው የሚቀየረው። የዋጋና የመጠን አኃዞቹ ለማሳያ ናቸው። በቦታቸው የራሳችሁን አስገቡ።

ደረጃ 1፦ ዕቅድ ከማውጣት በፊት ቁጠሩ

ብዙ ድርጅት የሚቆጥረው በዓመት አንዴ፣ ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ሲዘጋ ነው። ያ ቆጠራ ለሒሳብ ሠራተኛውና ለግብር ነው። ለምርት ዕቅድ የሚሆነው ቆጠራ ሌላ ነው፤ ነገ ጠዋት ምን መሥራት እንደምትችሉ የሚነግራችሁ።

ከመቁጠር በፊት አጣሩ። የካይዘን (የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ) ሥልጠና የወሰደ ሰው "አምስቱን ማዎች"፣ በ"ማ" የሚጀምሩትን አምስት የሥራ ቦታ አያያዝ ደረጃዎች፣ ያውቃቸዋል። የመጀመሪያዋ ማጣራት ናት፣ ለምን እንደሆነም መጋዘን ገብቶ ያየ ይገባዋል። ዕቃውን በአራት ቦታ ለዩት፦ ጥሬ ዕቃ፣ በሥራ ላይ ያለ፣ ያለቀ ምርት፣ እና የሞተ ዕቃ። የሞተ የምንለው ስድስት ወር ሙሉ ማንም ያልነካውን ነው። እሱን ለጊዜው ጥግ አስይዙት፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ቆጠራው እሑድ ቢሆን ይመረጣል። በዕለቱ ምንም አይገባም፣ ምንም አይወጣም። ሁለት ሰው ይመደብ፤ አንዱ ይቁጠር፣ ሌላው ይጻፍ። ሁለቱም የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ካርድ እንዳያዩ። ካርዱ 312 እንደሚል የሚያውቅ ቆጣሪ 305 ካገኘ ሰባቷን ከየትም ፈልጎ ያመጣታል። ሰው ነውና አይፈረድበትም። ካርዱን ከፊቱ ማንሳት ግን ይቻላል።

ሌላው የቆጠራ ጠላት ስም ነው። አንዱ "ጥቁር ቆዳ" ይለዋል፣ አንዱ "የሞጆው ቆዳ"፣ አንዱ "አንደኛው"። ሦስት ካርድ፣ አንድ ቆዳ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ስም፣ አንድ መለያ ቁጥርና አንድ መለኪያ ስጡት። ቆዳ በስኩዌር ፊት ይመዝገብ እንጂ "በፍሬ" አይሁን፤ የአንዱ ቆዳ ስፋት ከሌላው ይለያያልና። ሶል በጥንድ ይያዝ፣ ለየቁጥሩም የራሱ ካርድ ይኑረው። ማስቲሽ በጣሳ ተገዝቶ በኪሎ የሚወጣ ከሆነ አንድ ጣሳ ስንት ኪሎ እንደሆነ ካርዱ ራስ ላይ ጻፉ።

ደረጃ 2፦ የአንድ ጥንድ ጫማ ዝርዝር

አንድ ጥንድ ጫማ ምን ምን ይበላል? ፎርማኑ በቃሉ ያውቀዋል። ችግሩም በቃሉ መሆኑ ነው። እሱ የታመመ ቀን ዕቅዱም ይታመማል። ለየሞዴሉ አንድ ወረቀት አዘጋጁ፦

– የላይ ቆዳ፣ 2.2 ስኩዌር ፊት
– የገበር ቆዳ ወይም ጨርቅ
– ሶል፣ 1 ጥንድ (በቁጥር)
– የውስጥ ንጣፍ፣ 1 ጥንድ
– ማስቲሽ፣ 90 ግራም
– ክር፣ ማሰሪያ፣ የማሰሪያ ቀለበት
– ካርቶን፣ መጠቅለያ ወረቀት፣ መለያ

መጠኑን ከካታሎግ አትገልብጡ። ከቆረጣ ክፍል ለኩ። ለ50 ጥንድ የወጣውን ቆዳ መዝግቡ፣ የተመለሰውን ቀንሱ፣ ለ50 አካፍሉ። ይህን በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ቆራጭ ደጋግሙት። በጥሩ ቆራጭና በጀማሪ መካከል ያለው ልዩነት ቆዳ የሚያህል ውድ ነገር ላይ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ቆዳው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ብር የሚባክነው እዚህ ነው። የአገራችን ቆዳና ሌጦ የራሱ ጣጣ አለው። የመዥገር ጠባሳ፣ የእሾህ ጭረት፣ የከብት መለያ ተኩስ፣ ሲገፈፍ ቢላ የሳተበት ቦታ፣ የበግና የፍየሉ ላይ ደግሞ እከክ። ቆራጩ እነዚህን እየዘለለ ነው የሚቆርጠው። ስለዚህ ርካሹ ደረጃ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። እንበል አንደኛው ደረጃ በስኩዌር ፊት 80 ብር ሆኖ ለጥንድ 2.0 ይበላል፤ ወጪው 160 ብር። ዝቅተኛው 65 ብር ሆኖ ብዙ ስለሚጣል 2.6 ይበላል፤ ወጪው 169 ብር። "ቅናሽ አገኘሁ" ብሎ የመጣው ግዢ ሠራተኛ በየጥንዱ 9 ብር አክስሯችኋል። የቆራጩ ጊዜ ገና አልተቆጠረም። ዋጋ ስታወዳድሩ ምንጊዜም በጥንድ አወዳድሩ።

ደረጃ 3፦ ምን ያህል ይሸጣል?

ግምት ከሰማይ አይወርድም። ከሽያጭ ደብተር ነው የሚወጣው። ያለፉትን ሁለት ወይም ሦስት ዓመታት ሽያጭ በወር፣ በሞዴልና በቁጥር አውጡ። ከዚያ የቀን መቁጠሪያውን አጠገቡ አስቀምጡ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዓል ስለሚንቀሳቀስ ነው። ፋሲካ በ2016 ሚያዝያ 27 ዋለ፣ በ2017 ደግሞ ሚያዝያ 12። በአሥራ አምስት ቀን ቀደመ ማለት ነው። "አምና መጋቢት ላይ ይህን ያህል ሸጠናል፣ ዘንድሮም እንዲሁ" ብሎ ያቀደ ሰው በዓሉ ቀድሞት ይሄዳል። ኢድም በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል። እንቁጣጣሽ፣ መስቀልና ገና ግን በቦታቸው ናቸው፤ የትምህርት ቤት መክፈቻም እንዲሁ መስከረምን አይርቅም። ስለዚህ ሽያጩን "ከፋሲካ በፊት ባሉት አራት ሳምንታት" እያላችሁ አወዳድሩ እንጂ ወርን ከወር ጋር ብቻ አታፎካክሩ። ሠርግ የሚበዛበትን ጥርንም አትርሱ። ክረምት ሲገባ ደግሞ የቆዳ ጫማ ይቀዘቅዛል።

የሽያጭ ደብተር የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ፦ ጠይቆ አጥቶ የሄደውን ሰው። ሽያጭ ክፍል አንድ ተራ ደብተር ይቀመጥ፣ ርዕሱ "የለም ያልነው" ይሁን። ቀን፣ ሞዴል፣ ቁጥር፣ ብዛት። እኔን ከዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን ደብተር እመርጣለሁ። ወጪው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው።

ከሽያጩና ከዚህ ደብተር ተነስታችሁ የቁጥር ድርሻ አውጡ። በምሳሌያችን 39 ቁጥር 8 በመቶ፣ 40 ደግሞ 20፣ 41 ደግሞ 27፣ 42 ደግሞ 25፣ 43 ደግሞ 14፣ 44 ደግሞ 6 በመቶ ይሁን። "ከየቁጥሩ እኩል እኩል" የሚባለው አሠራር 44 ቁጥርን መጋዘን ውስጥ ያስረጀዋል።

ደረጃ 4፦ አቅማችሁን በእውነት ለኩት

ቆረጣ በቀን 160 ጥንድ ያወጣል። ስፌት 100። ፎርማ (የእግር ቅርጽ ያለው ማስወጠሪያ) ላይ ወጥሮ ሶል የሚለጥፈው ክፍል 140። ማጠናቀቂያ 180። ታዲያ የፋብሪካው አቅም ስንት ነው? 100። ስፌት ካልሰፋው ሌላው ክፍል ምን ቢሮጥ ዋጋ የለውም። ቆረጣ በሙሉ ጉልበቱ ከሠራ በየቀኑ 60 ጥንድ የተቆረጠ ቆዳ ስፌት በር ላይ ይከመራል። እሱም የታሰረ ገንዘብ ነው፤ ያውም የተቆረጠ ቆዳ ለሌላ ሞዴል አይሆንም። ስለዚህ ቆረጣን በስፌት ልክ አስኪዱት። ትርፍ ሰው ካለ ስፌትን ያግዝ፣ የጠርዝ ማሳሳትና የማጣበቅ ሥራውን ይቀበል።

ፎርማውንም ቁጠሩ። ይህን ብዙ ዕቅድ አውጪ ይዘነጋዋል። የ41 ቁጥር ፎርማ 20 ጥንድ ብቻ ካላችሁና አንዱ ፎርማ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ የሚዞር ከሆነ በቀን ከ40 ጥንድ በላይ 41 ቁጥር አይሠራም። ማሽን ቢጨመር፣ ሰው ቢቀጠር ለውጥ የለም። ፎርማ መጨመር ግን ከማሽን ይረክሳል።

መብራትም ይጠፋል፣ ሠራተኛም ለቅሶ ይሄዳል፣ መርፌም ይሰበራል። በ100 አታቅዱ። 26 የሥራ ቀን ሲባዛ በ100 ጥንድ 2,600 ይሆናል፤ 85 በመቶውን ያዙ፣ 2,210። ጄኔሬተር ካላችሁና ሁሉንም የማይችል ከሆነ መጀመሪያ ለስፌት ስጡ።

ደረጃ 5፦ የወሩን ዕቅድ አውጡ

ስሌቱ አንድ መስመር ነው። የሚመረተው፣ የሚጠበቀው ሽያጭ ሲደመር መጨረሻ ላይ እንዲቀር የምትፈልጉት ሲቀነስ አሁን ያለው ነው። ለአንዱ ሞዴል 41 ቁጥር 270 ጥንድ ሽያጭ ትጠብቃላችሁ። ወሩ ሲያልቅ 60 እንዲቀር ትፈልጋላችሁ። አሁን 45 አለ። የሚመረተው 285 ጥንድ ነው። ይህን ለየሞዴሉ፣ ለየቁጥሩ ሥሩና ደምሩት። ድምሩ ከ2,210 ከበለጠ አሁኑኑ ወስኑ፤ ወሩ መጨረሻ ላይ መብራትና ሠራተኛን ከመውቀስ ይሻላል።

የወቅት ሽያጭን ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ያዙት። ከነሐሴ እስከ ጳጉሜን 3,800 ጥንድ የምትሸጡ ከሆነና በነሐሴ 2,210 ብቻ የምትችሉ ከሆነ፣ 1,590 ጥንዱ ሐምሌ ላይ ተሠርቶ መቀመጥ አለበት። ለሐምሌ የሚሆነው ጥሬ ዕቃ ደግሞ ሰኔ ላይ ይታዘዛል፤ ከውጭ የሚመጣው ከዚያም ቀድሞ። ሐምሌ ላይ ግን አስቀድማችሁ የምትሠሩት ሁልጊዜ የሚሸጠውን ጥቁር ሞዴል ይሁን፣ መካከለኞቹን ቁጥሮች። አዲሱን ፋሽንና ዳር ዳሩን ቁጥር ለነሐሴ አቆዩት፤ ገበያው ፊቱን ሲያሳያችሁ ትሠሩታላችሁ።

ከዚያ ወሩን በሳምንት ከፋፍሉና የመጀመሪያውን ሳምንት ቆልፉት። የተቆለፈ ሳምንት አይነካም። አከፋፋዩ ደውሎ "አቦ አንዴ ብቻ፣ ነገ ይድረስልኝ" ቢልም ቀጣዩ ሳምንት ውስጥ ይገባል። ባለቤቱ ራሱ ይህን ሕግ ካፈረሰ ግን ሌላው ሰው እንዲያከብረው መጠበቅ አይቻልም። እውነቱን ለመናገር ብዙ ዕቅድ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፤ በባለቤቱ ስልክ።

ደረጃ 6፦ ዕቅዱን ወደ ጥሬ ዕቃ ቀይሩት

የመጪው ወር ዕቅድ 2,200 ጥንድ ነው እንበል። ቆዳ፣ 2,200 ሲባዛ በ2.2፣ 4,840 ስኩዌር ፊት። መጋዘን ውስጥ 1,900 አለ። ከዚህ ውስጥ 400ው ለሌላ ቀብድ ለተቀበላችሁበት ሥራ ተይዟል፤ ስለዚህ ያላችሁ 1,500 ነው። 1,000 ታዞ በመንገድ ላይ አለ። የሚቀረው ግዢ 2,340 ስኩዌር ፊት ነው። "የተያዘ" እና "በመንገድ ላይ" የሚሉት ሁለት ዓምዶች ካርዱ ላይ ከሌሉ ይህ ስሌት አይሠራም። አንዱን ቆዳ ሁለቴ ትቆጥሩታላችሁ፣ ወይም የታዘዘውን ደግማችሁ ታዛላችሁ።

ሶል ላይ ደግሞ በጅምላ ማየት ያታልላል። 2,500 ጥንድ ሶል አለ፣ የሚያስፈልገው 2,200። በቂ ይመስላል። በቁጥር ሲታይ ግን 41 ቁጥር 27 በመቶ ነውና 594 ያስፈልጋል። ያለው 380። 214 ጥንድ ጎድሏል። ዕቅዱን ባወጣችሁበት ቀን ካላወቃችሁት በሦስተኛው ሳምንት መስመሩ ሲቆም ታውቁታላችሁ።

ደረጃ 7፦ መቼ፣ ስንት ይታዘዝ?

ዕቃ ታዞ እስኪደርስ የሚፈጀውን ጊዜ በግምት አትያዙት። ለእያንዳንዱ ግዢ ቀኖቹን መዝግቡ። ከውጭ ለሚመጣ ሶል ፕሮፎርማ (የሻጩ የዋጋ ማቅረቢያ) የመጣበት፣ ባንክ የፈቀደበት፣ ዕቃው የተጫነበት፣ ጅቡቲ የደረሰበት፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ የገባበት፣ ከጉምሩክ የወጣበት፣ መጋዘን የገባበት። ጥቂት ግዢ ከተመዘገበ በኋላ መዘግየቱ የትኛው ጣቢያ ላይ እንደሆነ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። ከአማካዩ ይልቅ ረጅሙን እዩ። ሁለት ወር ይፈጃል የተባለ ዕቃ አንዳንዴ አራት ወር የሚፈጅ ከሆነ የሚያስርባችሁ አራቱ ነው።

ለአገር ውስጥ ቆዳም የራሱ ወቅት አለው። በሁዳዴ 55 ቀን እርድ ይቀንሳል፤ ጥሬ ቆዳ ይሳሳል። ጥሬ ቆዳው ደግሞ ቆዳ ፋብሪካ ገብቶ ያለቀለት ቆዳ ሆኖ እስኪወጣ ሳምንታት ይወስዳል። ለፋሲካ ገበያ የሚሆነውን ቆዳ ፆሙ ሳይገባ ብትዙ ይሻላል። አምራቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲሯሯጥ ዋጋውም ይወጣል፣ የሚደርሳችሁም የተመረጠው አይሆንም።

አሁን የማዘዣ ነጥቡን እናውጣ። በማስቲሽ እንየው። በቀን በአማካይ 9 ኪሎ ይወጣል፣ ሥራ ሲበዛ 11። ታዞ ሲመጣ በአማካይ 20 የሥራ ቀን፣ ሲዘገይ 35። መጥፎውን በመጥፎው አባዙ፦ 11 ሲባዛ በ35፣ 385 ኪሎ። አማካዩን በአማካይ፦ 9 ሲባዛ በ20፣ 180 ኪሎ። ልዩነቱ 205 ኪሎ የመጠባበቂያ ክምችታችሁ ነው። ማስቲሹ 385 ኪሎ ላይ ሲደርስ ትእዛዝ ይውጣ። ይህ ቁጥር ካርዱ ላይ በቀይ ይጻፍ። ስቶር ኪፐሩ "አልቋል" ብሎ እንዲመጣ አትጠብቁ፤ "ቀዩ ላይ ደርሷል" ብሎ ይምጣ።

ስንት ይታዘዝ ለሚለው ፎርድ ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1913 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር እስከ ዛሬ ያገለግላል። የዓመቱን ፍጆታ በአንድ ትእዛዝ ወጪ አባዙ፣ በ2 አባዙ፣ አንድን ኪሎ ለአንድ ዓመት ማስቀመጥ በሚያስወጣው ብር አካፍሉ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ። ፍጆታችን 2,800 ኪሎ ነው። አንዴ ለማዘዝ ትራንስፖርቱ፣ አበሉ፣ ጫኝና አውራጁ 3,000 ብር። አንድ ኪሎ 600 ብር ሆኖ በዓመት ሩቡን ለወለድ፣ ለቦታና ለብልሽት ብንይዝ 150 ብር። ውጤቱ 335 ኪሎ ገደማ ነው። የ37 የሥራ ቀን ፍጆታ ማለት ነው።

ቀመሩ ግን ዋጋ አይቀያየርም፣ ዕቃም በቀኑ ይደርሳል ብሎ ነው የሚያስበው። እኛ አገር ሁለቱም አይገኝም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ በአሮጌ ዋጋ የተገዛ ሶልን ይዞ በአሮጌው ሒሳብ ጫማ የሸጠ ሰው ሽያጩ ገንዘብ ሆኖ ያንኑ ሶል መልሶ አልገዛለትም። ስለዚህ የመሸጫ ዋጋ ስታወጡ ሶሉ ዛሬ ቢገዛ ስንት ነው በሚለው ሥሩ። ዋጋ ይጨምራል ብላችሁ ከ335 በላይ መግዛትም መብታችሁ ነው፤ ማስቲሽ ግን የአገልግሎት ጊዜ አለው፣ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ቀን አይታችሁ ይሁን።

ሁሉንም ዕቃ በዚህ ጥንቃቄ መከታተል አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ቆዳና ሶል የብሩን ትልቁን ድርሻ ይወስዳሉ፤ እነሱ በየሳምንቱ ይቆጠሩ። ማስቲሽ፣ ገበርና ካርቶን በወር። ክር፣ ማሰሪያና ቀለበት በሁለት ሣጥን ይያዙ። አንዱ ሣጥን ክፍት ነው፣ ሌላው ታሽጓል። ክፍቱ አልቆ የታሸገው ሲቀደድ ያን ቀን ይታዘዛል። ካርድ የለ፣ ስሌት የለ። ርካሽ ናቸውና በብዛት ያዙ፤ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ግን አይሸጥምና እንዳታልቅባችሁ።

ደረጃ 8፦ ገቢ፣ ወጪ፣ ከወጪ ቀሪ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሞዴል 19ንና ሞዴል 22ን ያስታውሳል። ያለ 19 ዕቃ አይገባም፣ ያለ 22 አይወጣም። የግል ድርጅት ቅጹን መኮረጅ የለበትም፤ ሕጉን ግን ይውሰድ። ቢን ካርዱ፣ ያ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ፣ ዕቃው ያለበት መደርደሪያ ላይ ይንጠልጠል፣ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ አይሁን። ዕቃው በተነሳ ቅጽበት ይመዝገብ። "ማታ እጽፈዋለሁ" የተባለ አይጻፍም።

ጥሬ ዕቃ ወደ ምርት የሚወጣው በሥራ ትእዛዝ ይሁን። ለ100 ጥንድ ትእዛዝ የ100 ጥንድ ቆዳ፣ ገበር፣ ሶልና ማስቲሽ በዝርዝሩ ልክ ተለክቶ ይውጣ። ትርፉ በመመለሻ ቅጽ ይመለስ። ተጨማሪ ከተጠየቀ ምክንያቱ ይጻፍ፦ ቆዳው መጥፎ ነበር? ቆራጩ አበላሸ? ሶሉ ጉድለት ነበረበት? ከወር በኋላ እነዚህ ወረቀቶች ስለ ፋብሪካችሁ ከማንኛውም ሪፖርት የበለጠ ይነግሯችኋል።

ዕቃ የሚያዝዝ፣ የሚረከብና የሚመዘግብ ሰው አንድ አይሁን። ባለቤቱና ቤተሰቡም ቢሆኑ ጫማ ሲወስዱ ወረቀት ይቆረጥ። "ለእንግዳ አንድ ጥንድ" እየተባለ የሚወጣው ጫማ ያለ ወረቀት ሲሆን ስቶር ኪፐሩ ጉድለቱን ማስረዳት ያቅተዋል፣ ሲያቅተውም እሱም መውሰድ ይለምዳል።

አቀማመጡ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። ቆዳ ሲሚንቶ ወለል ላይ አይቀመጥም፣ ክረምት ላይ ይሻግታል፤ ፓሌት ላይ ይሁን፣ ፀሐይም አይንካው። ሌላው ሶል ነው። ፒዩ (ፖሊዩሬታን) የሚባለው ሶል ሳይለበስ እንኳ በእርጥበት ምክንያት ቀስ በቀስ ይፈርሳል። ለዓመታት የተቀመጠ ሶል ጫማ ላይ ተለጥፎ ይሸጣል፣ በወሩ ደንበኛው እግር ላይ እንደ ዳቦ ይፈረፈራል። ካርቶኑ ላይ የገባበትን ወርና ዓመት በትልቁ ጻፉ፤ መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይውጣ። አዲሱን ከፊት የሚደረድር ሠራተኛ ካለ መደርደሪያውን ከኋላ የሚሞላ ከፊት የሚወጣ አድርጉት። ማስቲሽ ደግሞ እሳት የሚወድ ነገር ነው፤ ከሌላው ዕቃ ተለይቶ አየር የሚገባበት ክፍል ይቀመጥ።

በየቀኑ አምስት ዕቃ ብቻ መርጣችሁ ቁጠሩና ከካርዱ ጋር አስተያዩ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከ20 ዕቃ ቢያንስ 18ቱ ካልገጠሙ ማስተካከያ ጽፎ ማለፍ አይበቃም፤ የሳተው ገቢው ነው ወይስ ወጪው፣ ተከታትላችሁ ድረሱበት። ኮምፒውተሩንም ከዚህ በኋላ አስቡት። ኤክሴልም ይሁን ፒችትሪ ወይም ትልቅ ሶፍትዌር፣ የተሳሳተ ካርድ ብታስገቡበት የተሳሳተ ቁጥር አሳምሮ ያትምላችኋል።

ደረጃ 9፦ የቅዳሜ ግማሽ ሰዓት

ቅዳሜ ጠዋት ሽያጭ፣ ምርት፣ ንብረትና ግዢ ሰሌዳ ፊት ለፊት ይቁሙ። ወንበር አያስፈልግም። ያለፈው ሳምንት ስንት ታቀደ፣ ስንት ወጣ? ልዩነቱ ከየት መጣ? "የለም ያልነው" ደብተር ምን ይላል? ቀዩ ላይ የደረሰው ዕቃ የትኛው ነው? በመንገድ ላይ ያለው የት ደረሰ? ከዚያ ቀጣዩ ሳምንት ይቆለፋል። ሽያጭ በራሱ ደብተር፣ ምርት በራሱ፣ ንብረት በራሱ የሚከራከሩ ከሆነ ስብሰባው አያልቅም። ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር የቢን ካርዱ ቁጥር ይሁን፣ ሁሉም በእሱ ይነጋገር።

ደረጃ 10፦ የሞተውን ዕቃ አውጡት

ጥግ ያስያዛችሁትን አሁን ክፈቱ። ያለቀ ጫማ ከሆነ ከወቅቱ በፊት በቅናሽ ልቀቁት፣ 44 ቁጥርን ከሚሸጠው ሞዴል ጋር አቀላቅላችሁ ለጅምላ ገዢ ስጡ። "በከሰርኩበት አልሸጥም" የሚል ባለቤት ብዙ ነው፤ ግን ያ ጫማ ቦታ ይዟል፣ በብሩም 41 ቁጥር ሶል ይገዛ ነበር። ሞዴሉ የቀረ ቆዳ ለቀበቶና ለቦርሳ ሠሪዎች ይሸጣል፣ ቁርጥራጩም ገዢ አያጣም። ያረጀ ፒዩ ሶል ግን ለማንም አይሸጥ። በጣት ጫን ብላችሁ እዩት፤ ከተሰነጠቀ ወይም ከተፈረፈረ በቃለ ጉባኤ ተወግዶ ከካርዱ ይውጣ። የተወገደበትን ምክንያትና ማን፣ መቼ፣ ስንት እንዳዘዘው እዚያው ቃለ ጉባኤ ላይ ጻፉት፤ ለሚቀጥለው ግዢ ፕሮፎርማ ሲመጣ አብሮ ይያያዝ።